ሪሞቱ አከራይ ቤት ነው!

መቼም ግቢ ተከራይቶ ያልኖረ ይህን ጭንቀት አያውቀውም። እኔ ሮቤ ከተማ በምኖርበት ግቢ አንድ ዲሽ፣ አንድ ሪሲቨርና አራት ቴሌቪዥን አለ። አከራያችን እማማ ከሳሎናቸው ገመድ ስበው ለየክፍላችን አድለውናል። ታዲያ ምን ዋጋ አለው? እሳቸው የከፈቱትን ብቻ ነው የምናየው! እኔ የአዳማውን ኦቢኤን ዜና ስጠብቅ የቱርክ ድራማ ይመጣል። ከባሕር ዳር ለሥራ የመጣችው ጎረቤቴ የአገሯን ጣቢያ ካየች ወራት አልፏታል። አንዱ ተከራይማ ኳስ መሀል ቻናሉ ቢቀየርበት ጮኸና ከእማማ ጋር ተኳረፈ።

ወገኖቼ፣ ለዚህ መኳረፍ አያስፈልግም፤ ጥፋቱ የገመዱ ነው። አንዱ ሪሲቨር የከፈተው ምስል ለአሥር ቤት ቢታደልም ያው አንድ ቻናል ነው። መፍትሔው ዲሹ ላይ ነው። ዲሹ ፊት የምትቀመጠው ኤል ኤን ቢ ባለ አራት መውጫ ትሁን፤ ከዚያ እያንዳንዱ ክፍል በራሱ ገመድና በራሱ ሪሲቨር የፈለገውን ይከፍታል። ዲሹ ግን ያው አንዱ ነው!

አንድ ነገር ልብ በሉ። የአገር ውስጥ ጣቢያዎች በ2012 ዓ.ም. ወደ ኢትዮሳት መዞር ጀምረዋል። ናይልሳት በምዕራብ፣ ኢትዮሳት በምሥራቅ ስለሆነ ባለሙያው ዲሹን ወዴት እንዳዞረው ጠይቁ።

ወጪውን ተከራዮች አዋጡ። ጣራው የአከራይ ነውና ቡና ላይ ቀስ ብላችሁ አስፈቅዱ። እማማም ድራማቸውን በሰላም ይዩ!