የራቀ ባልደረባ ዝምታ

ሠራተኛ አለቃው ካላየው ይለግማል የሚለው ሥጋት በሙከራ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ሲትሪፕ የተባለው የቻይና የጉዞ ኩባንያ፣ በሻንጋይ የጥሪ ማዕከሉ ከቤት ለመሥራት ፈቃደኛ የሆኑ ሠራተኞችን በልደት ቀናቸው ለሁለት ከፈለ። ቀናቸው ተጋማሽ ቁጥር የሆነው በሳምንት አራት ቀን ከቤት ሠሩ፤ ጎዶሎ የሆነው ቢሮ ቀሩ። ከ9 ወር በኋላ የስታንፎርዱ ኢኮኖሚስት ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቻቸው ውጤቱን ሲያሰሉ፣ ከቤት የሠሩት በ13 በመቶ በልጠው ተገኙ። አብዛኛው ብልጫ የመጣው የዕረፍት ሰዓትና የሕመም ፈቃድ በመቀነሱ ነው፤ የቤቱ ጸጥታም ረድቷቸዋል። ሥራ የሚለቁትም በግማሽ ቀነሱ።

ታዲያ ቢሮ ምን ያደርጋል? እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም እላለሁ። የስልክ አስተናጋጅ ደንበኛውን የሚያነጋግረው ብቻውን ነው፤ የባልደረባው መዘግየት እሱን አያስቆመውም። ቨርቹዋል ቡድን ውስጥ ግን አንዱ የጀመረውን ሌላው በሌላ ከተማ ወይም አገር ሆኖ ይቀበለዋል፤ መገናኛቸውም ኢሜይል፣ ቪዲዮና አጭር መልእክት ነው። ድርጅቱ ባለሙያውን ካለበት ያገኘዋል፣ ባለሙያውም ከቤተሰቡ ሳይለይ ይሠራል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ፈተናው ግን ከስንፍና ጋር አይገናኝም።

በአሜሪካ የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ካትሪን ክራምተን እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ ተራርቀው የሚሠሩ 13 የተማሪ ቡድኖችን መርምረዋል። ቡድኖቹን ያናወጣቸው አባላቱ አንዱ የሌላውን ሁኔታ አለማወቃቸው ነበር። በጣም ከከበዷቸው አንዱ ደግሞ ዝምታ ነው። መልስ ያልተሰጠው መልእክት «ተስማምቻለሁ»፣ «አልተስማማሁም»፣ «አልደረሰኝም» ወይም «ከከተማ ወጥቻለሁ» ማለት ሊሆን ይችላል። አንድ ቢሮ ውስጥ ቢሆን ባልደረባው መታመሙን ወይም ሥራ እንደበዛበት በዓይን ማየት ይቻላል። በርቀት ግን ሰው የጎደለውን በግምት ይሞላዋል፤ ግምቱም ሁኔታውን ትቶ ጠባዩን ይወቅሳል፦ «ግዴለሽ ነው»።

ለውጭ ኩባንያ የሚሠሩ የአዲስ አበባ የሶፍትዌር ባለሙያዎች ይህ አይጠፋቸውም። መብራት ጠፍቶ ወይም ኢንተርኔት ተቋርጦ መልስ ሲዘገይ፣ ዋሽንግተን ያለው አለቃ የሚያየው ዝምታውን ብቻ ነው። የሁለቱ ከተሞች ልዩነት እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ሰዓት በመሆኑ፣ አንዱ ቢሮ ሲገባ ሌላው ሊወጣ ነው። «በ3 ሰዓት እንገናኝ» የሚል ቀጠሮም በማን አቆጣጠር እንደሆነ ካልተጻፈ ያሳስታል።

ሠራተኛውን በሶፍትዌር መሰለል ከዚህ አንዱንም አይፈታም። አባላቱ ገና ሲጀምሩ የየአገራቸውን በዓል፣ የኔትወርካቸውን ሁኔታና የሚገኙበትን ሰዓት ጽፈው ቢለዋወጡ ይሻላል። መልእክት የደረሰው ሰውም ሙሉ መልስ ባይኖረው እንኳ «ደርሶኛል፣ ሐሙስ እመልሳለሁ» ማለት አያቅተውም።

በአካል ለመገናኘት ለጉዞ የሚሆን ገንዘብ ካለ ደግሞ ሐሳብ ለሚፈልቅበት ጊዜ ቢውል ጥሩ ነው። ሜላኒ ብራክስና ጆናታን ሌቫቭ እ.ኤ.አ. በ2022 «ኔቸር» ላይ እንዳሳተሙት፣ ሁለት ሁለት ሆነው በቪዲዮ የተገናኙ ሰዎች ፊት ለፊት ከተቀመጡት ያነሰ አዲስ ሐሳብ አፍልቀዋል። ምክንያቱ ዓይን ስክሪኑ ላይ ሲተከል አእምሮም አብሮ መጥበቡ ነው ይላሉ። ከቀረቡት ሐሳቦች የተሻለውን በመምረጥ ግን በቪዲዮ የተገናኙት አላነሱም፤ ስለዚህ ምርጫው ስክሪን ላይ ቢደረግ የሚጎዳ ነገር የለም።