የተማሪ ስንቅ እስከ ሐሙስ

ከባሕር ዳር ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ አርባ ኪሎ ሜትር ያኽል ሲጓዙ አዴት ይገኛል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ የተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ሳይዘጋ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ በዚያ የተገኘ ሰው ማዳበሪያ ከረጢት ያዘሉ ልጆች ከየገጠሩ ሲገቡ ያይ ነበር። እነዚህ አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው የሚማሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። በከረጢቱ ያለውም የሳምንት ስንቃቸው ነው፤ ይኸውም እንጀራ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ጨው፣ ከተረፈም ቆሎ።

ተማሪ ምን መብላት ይወዳል? መልሱ እንደ ቀኑ ነው። ሰኞና ማክሰኞ ምርጫ አለ፤ እንጀራው ለስላሳ ነው፣ ድንችም ከተገኘ ይቀቀላል። ረቡዕ ጾም ነው፤ ሆኖም የተማሪ ድስት ማክሰኞም ቢሆን ቅቤ ስለማያውቅ ልዩነቱ አይታይም። ሐሙስ ግን እንጀራው ይሻግታል፤ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውሃ ነውና። ብልኅ እናት ይህን አውቃ ከፊሉን በፀሐይ አድርቃ ድርቆሽ ትልካለች። ድርቆሽ ሳምንታት ይከርማል፤ ነገር ግን የሚያርሰው ወጥ ይፈልጋል፣ ወጡም ማገዶ ይፈልጋል።

ማገዶ ያለቀበት ወደ በሶ ይዞራል። ገብሱ አስቀድሞ ተቆልቶ የተፈጨ ስለ ሆነ እሳት አይጠይቅም፤ ውሃ፣ ጨውና በርበሬ ይበቃዋል። እንደ እኔ ከሆነ ለተማሪ ከበሶ የሚሻል ወዳጅ የለም። በተማሪነቴ ጓደኞቼ ግን ዳቦ ያስበልጡ ነበር፤ ምናልባት በገንዘብ ስለሚገዛ ይሆናል።

ጎጃም ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። ቅኔ ፍለጋ ዋሸራ የሚወርደው ልጅ «የቆሎ ተማሪ» የተባለው በሚማረው ሳይሆን በሚበላው ነው። እርሱስ አኮፋዳውን አንግቶ በየደጁ ይለምናል፤ የአዴቱ ልጅ ዩኒፎርም ለብሶ በማን ደጅ ይቁም?

የዓለም ምግብ ፕሮግራም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1994 ጀምሮ በኢትዮጵያ ተማሪዎችን ሲመግብ፣ ይበልጥ ያተኮረው በድርቅ በሚጠቁና በአርብቶ አደር ወረዳዎች፣ ያውም በአንደኛ ደረጃ ላይ ነው። ምዕራብ ጎጃም እህል የሚተርፈው አገር ይባላል። የጤፍ አገር ልጅ ሐሙስ ማታ ጦሙን አደረ ቢሉት ማን ያምናል? ዓርብ ከክፍል የሚቀሩት ግን ሁሉም ታመው አይደሉም፤ ሲነጋ ባዶ ከረጢታቸውን አጣጥፈው ወደ እናታቸው ቤት የሚገሠግሡ አሉባቸው። ሐሙስና ዓርብ ለእያንዳንዱ አንድ ጣሳ ንፍሮ ለማድረስ አንድ በርሜል፣ ጥቂት ባቄላና ማገዶ የሚያዋጡ ወላጆች ቢገኙ ይበቃ ነበር።