የቆመ ቮልስ ገዝቶ ማሳደስ ያዋጣል?

በአዲስ አበባ አሮጌ ሰፈሮች፣ ከቆርቆሮ አጥር ጀርባ ሸራ ለብሰው ወይም ሣር በቅሎባቸው የቆሙ ቮልሶች ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደላላ በር የሚያንኳኳላቸው ንብረት ሆነዋል። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። በየካቲት 2012 ዓ.ም. የጸደቀው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና አስመጥቶ መሸጥን አስወደደው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይፋ ሆነ። አቅርቦቱ ሲዘጋ ሰሌዳ ያለው፣ የሚንቀሳቀስ መኪና ሁሉ ተፈላጊ ይሆናል። ከዚህ በመነሣት ጥቂት ገንዘብ የቋጠረ ነጋዴ “የቆመውን በርካሽ ገዝቼ ባሳድሰውስ?” ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ ገዢና ሻጭ ቀኑን ሙሉ የሚከራከሩበት የመነሻ ዋጋ ከጠቅላላው ወጪ ትንሹ ክፍል ነው። ትርፉንም ኪሣራውንም የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ወረቀቱና ላሜራው። ሞተሩ ከነዚህ በኋላ ይመጣል።

በወረቀቱ እንጀምር። አሥራ አምስትና ሃያ ዓመት የቆመ መኪና ሊብሬው ላይ ያለው ስም ብዙ ጊዜ የሟች ስም ነው። ሻጩ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ይሆንና “ውክልና አለኝ” ይላል። ወካዩ ሲሞት ግን ውክልናው አብሮ ይቀራል። ስለዚህ ገዢው የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ መጠየቅ፣ ወራሾቹ ሁሉ መፈረማቸውንም ማረጋገጥ አለበት። ውጭ አገር ያለ አንድ ወንድም ፊርማውን እስኪልክ መኪናው ሌላ ክረምት ይዘንብበታል። በተጨማሪም ዕግድ ወይም የባንክ ዕዳ፣ ያልተከፈለ ቀረጥ፣ ለዓመታት ያልታደሰ ቦሎ መኖር አለመኖሩ አስቀድሞ መጣራት ይኖርበታል። የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ መቀመጫ ሥር፣ በወለሉ መሐል በሚያልፈው ብረት ላይ ተመትቷል፤ የሞተሩ ቁጥር ደግሞ ዲናሞው ከተቀመጠበት ሥር ይገኛል። ሁለቱን ከሊብሬው ጋር ማመሳከር የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ቮልስ ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር በአራት ቡሎን ብቻ ስለሚያያዝ ባለፉት አምሳ ዓመታት ከአንዱ ወደ ሌላው የተዘዋወረ ሞተር ጥቂት አይደለም። ቁጥሩ ካልገጠመ ስም ማዛወሩ እዚያው ላይ ይቆማል።

ላሜራው ገንዘብ የሚበላው ክፍል ነው። ቮልስ ከሥር ጠፍጣፋ ወለል አለው፤ አካሉ በዚያ ላይ ተቀምጦ በቡሎን ይታሰራል። ውኃ የሚያጠቃው ይህንኑ መጋጠሚያ ነው። በተለይም ከበሮቹ ሥር የሚያልፉትና የሞተሩን ሙቀት ወደ ውስጥ የሚወስዱት ባዶ ብረቶች ከውስጥ ወደ ውጭ ይበሰብሳሉ፤ ከላይ ቀለሙ እያብለጨለጨ ከሥሩ ወንፊት የሆነ አለ። ባትሪው የሚቀመጠው ከኋላ መቀመጫ ሥር በስተቀኝ በመሆኑ አሲዱ ያንን ማዕዘን ቀድሞ ይበላዋል። ገዢ መቀመጫውን አንሥቶ፣ ምንጣፉን ገልጦ በካቻቪቴ ወለሉን ጫን ጫን ማድረግ አለበት። ሻጩ “ተው፣ ትበሳዋለህ!” ካለ መልሱ ተገኝቷል። ትንሽ ማግኔትም በኪስ መያዝ ይጠቅማል፤ የማይዝበት ቦታ ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ ነው። ኮፈንና ፓራውልት ተፈልጎ ይገኛል። የበሰበሰ ወለልና የበር ሥር ብረት ግን አካሉን አንሥቶ፣ ቆርጦ፣ ልኩን ጠብቆ መበየድን ይጠይቃል። ልኩ ከተዛባ በሩ አይገጥምም፤ የበሩ አለመግጠም የሚታወቀው ደግሞ ቀለሙ ከተቀባ በኋላ ነው።

ሞተሩ ከሚፈራው በታች ያስከፍላል። በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ራዲያተርም የውኃ ፓምፕም የለውም። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ቺንጋው የሚዞርበትን ትልቁን ፑሌጃ ይዞ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ መግፋትና መሳብ ነው። የፋብሪካው ልክ ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ አይበልጥም፤ ስለዚህ በእጅ የሚሰማ ኳኳታ ካለ ኮሎው የተቀመጠበት ቤት ተበልቷልና ሞተር ማስወረድ ግድ ነው። ያም ሆኖ ዕቃው አልጠፋም። ጀርመን ውስጥ መሠራቱ በጥር 1970 ዓ.ም. ቢያበቃም ሜክሲኮ እስከ ሐምሌ 1995 ዓ.ም. ስታመርተው ቆይታለች፤ በጠቅላላው ከ21.5 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ፒስቶንና ሲሊንደሩ አብሮ የሚለወጥ አዲስ ዕቃ ዛሬም ይመረታል፤ ያገለገለው ሶማሌ ተራ ይፈለጋል። ከዚያ ዘመን የቀሩ ሌሎች የአውሮፓ መኪኖች አብዛኞቹ ይህ ዕድል የላቸውም። እስከ 1959 ዓ.ም. አካባቢ የተሠሩትና ባለ 6 ቮልት የሆኑት ቮልሶች ግን የመብራት ዕቃቸው ያስቸግራል። ስለ ፍሬን አንድ ቃል ይበቃል፤ ለዓመታት በቆመ መኪና ላይ ጎማ ነክ የሆነው ሁሉ ይለወጣል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ቁጥሮቹ ለስሌት ብቻ የተወሰዱ ናቸው። የቆመው ቮልስ በ200,000 ብር ተገዛ እንበል። ለወረቀትና ለደላላ 30,000፣ ለላሜራና ቀለም 220,000፣ ለሞተር፣ ለካምቢዮና ለፍሬን 150,000፣ ለውስጥ ዕቃና ጎሚኒ 70,000 ወጣ። ድምሩ 670,000 ብር ነው። ሥራው 14 ወር ፈጅቶ መኪናው በ700,000 ቢሸጥ 30,000 ብር ተረፈ ይባላል። ነገር ግን 200,000ው ለ14 ወር፣ ከቀሪው 470,000 ደግሞ በአማካይ ግማሹ ታስሮ ቆይቷል። በዓመት 7 በመቶ ወለድ ቢታሰብ 35,000 ብር ገደማ ይሆናል። ጋራዥ ለጋራዥ መመላለሱ ሳይቆጠር ባንኩ በልጧል።

“ብር ረከሰ እንጂ መኪና አልረከሰም” የሚል መልስ ይሰማል። እውነት ነው፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ዳሩ ግን ታድሶ ያለቀውን ቮልስ የገዛ ሰውም ከዚያው የዋጋ ዕድገት ተጠቃሚ ነው፤ እየነዳው። አሳዳሹ ለብቻው የሚያገኘው በቆመውና በታደሰው መኪና ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። ከዚያ ልዩነት ላይ ደግሞ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ በዶላሩ ልክ እየጨመረ ይቀንስበታል። ልዩነቱ የሚያዋጣው ወለሉ ደኅና፣ ሊብሬው ንጹሕ ሆኖ በሞተር ምክንያት ብቻ የቆመ መኪና ሲገኝ ነው። ሻጩ እንዲህ ላለው መኪና ዋጋ ቢያስጨምር እንኳ መጨመሩ ይሻላል። በግማሽ መንገድ ላይ ያለም ያፈሰሰውን ትቶ የሚቀጥለው 50,000 ብር በመሸጫው ላይ ከ50,000 በላይ ይጨምር እንደሆነ ብቻ ይጠይቅ።

የገዢ ነገርም አለ። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱበት መኪና ቮልስ መሆኑን የማይጠቅስ ሻጭ አይገኝም፤ ታሪኩን ግን ዋጋ ከፍሎ የሚወስድ ጥቂት ነው። ስለዚህ ብዙዎች ለሰርግ ማከራየትን ያስባሉ። ገቢው መጥፎ ባይሆንም ወቅት አለው። ጥር ላይ የደረሰ መኪና ወዲያው ይሠራል። ቀለሙ ዐቢይ ጾም ሲገባ ያለቀለት ግን እስከ ፋሲካ ማግሥት ከሸራው ሥር አይወጣም።