ሴንሰሩ «ዜሮ» ሲል

የማንሊፍት (ሰውን ከፍ አድርጎ የሚያሠራ ማሽን) መቆጣጠሪያ ሳጥን ላይ ብዙውን ጊዜ ጥንቸልና ኤሊ ተስለው ይገኛሉ፤ መፍጠን የፈለገ ጥንቸሏን፣ መንፏቀቅ የፈለገ ኤሊዋን ይመርጣል። አንዳንድ ቀን ጥንቸሏ ተመርጣም ማሽኑ ከኤሊ እርምጃ አልላቀቅ ይላል፤ ወይም እየተንገጫገጨ ይቆምና ስክሪኑ ላይ የፍጥነት ሴንሰር ብልሽት የሚል ኮድ ያወጣል። ያኔ የመጀመሪያው ስልክ የሚደወለው ለመለዋወጫ ነጋዴ ነው። እኔ ግን ሴንሰሩ ከመቀየሩ በፊት ምን ብሎ እንደመሰከረ ይጠየቅ ባይ ነኝ፤ እውነቱን ተናግሮ የሚፈረድበት ጊዜ ብዙ ነውና።

ማሽኑ ስለ ፍጥነት ይህን ያህል የሚጨነቀው በምክንያት ነው። በመጋዘንና በትልልቅ አዳራሾች ጣሪያ ሥር አምፖል ሲቀየርባቸው የምናያቸው ትንንሽ ሲዘር ሊፍቶች፣ በሙያው ሰዎች «1930» የሚባሉት (19 ጫማ ከፍታ፣ 30 ኢንች ስፋት)፣ መድረካቸው ወርዶ ሳለ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳሉ። መድረኩ ከፍ ሲል ግን ወደ 0.8 ኪሎ ሜትር ይወርዳሉ፤ በሴኮንድ 22 ሳንቲ ሜትር ያህል። ኢኤን 280 የተባለው የአውሮፓ ደረጃም በራሳቸው ሞተር የሚነዱ ማንሊፍቶች ሰው ከፍ አድርገው ሲሄዱ በሴኮንድ ከ0.7 ሜትር እንዳያልፉ ይከለክላል። በባሕር ዛፍ መወጣጫ ፎቅ ሲገነባ እያየን ላደግነው ይህ የቅንጦት ጥንቃቄ ሊመስለን ይችላል። ነገር ግን ከታች ጎማው አንዲት ጠጠር ሲረግጥ ከላይ የቆመው ሰው ምን ያህል እንደሚወዛወዝ መድረኩ ላይ አንዴ የወጣ ያውቀዋል።

ሁሉም ማንሊፍት የፍጥነት ሴንሰር የለውም። በሃይድሮሊክ የሚነዱት ፍጥነታቸውን በዘይቱ ፍሰት ይመጥናሉ። ሴንሰሩ የግድ የሚሆነው በተለይ የኤሲ ሞተር ባላቸው የኤሌክትሪክ ማሽኖች ላይ ነው። ሞተሩን የሚያዘው ኮንትሮለር የሚያሽከረክረው የማግኔት መስክ ከሞተሩ ዘንግ በጥቂቱ ቀድሞ መሄድ አለበት፤ ምን ያህል እንደሚቀድም ለማስላት ደግሞ ዘንጉ አሁን በምን ፍጥነት እየዞረ እንደሆነ ማወቅ ይኖርበታል። ወሬውን የሚያቀብለው ሴንሰር ብዙ ጊዜ ከሞተሩ ኩሽኔታ ጋር አብሮ የተሠራ ነው። 6206 በሚባለው መጠን ላይ ለምሳሌ ዘንጉ አንድ ዙር ሲጨርስ 64 ምት ይወጣል፤ በሁለት ሽቦ፣ በኤ እና በቢ። የቢ ምት ከኤ ምት በሩብ ያህል ይዛነፋል፤ ኮንትሮለሩም ማን እንደቀደመ አይቶ ወደፊት ይሁን ወደኋላ ይለያል። ከሁለቱ አንዱ ከጠፋ ወይም ሽቦዎቹ ከተምታቱ ሞተሩ ብዙ ኤሌክትሪክ እየጠጣ ባለበት ይንቀጠቀጣል።

ይሁንና የሴንሰር ብልሽት የሚለውን ኮድ ቀጥታ ማመን አይገባም። የነዚህ ማሽኖች ፍሬን የሚሠራው ከለመድነው በግልባጭ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ይለቃል፣ ሲያጣ በሞላ ኃይል ይይዛል። ኦፕሬተሩ ጆይስቲኩን ገፋ፤ ኮንትሮለሩ ለሞተሩ ኃይል ሰጠ፤ የፍሬኑ ኮይል ግን ተቃጥሏል እንበል። ጎማው አይዞርም፤ ሴንሰሩም «ዜሮ» ይላል። ዜሮ ነው እኮ! ኮንትሮለሩ ግን ኃይል ሰጥቶ ምት ሲያጣ ወይ ሞተሩ ታንቋል ወይ ሴንሰሩ ሞቷል ከማለት በቀር ሌላ የሚጠይቀው ምስክር የለውም። ስለዚህ መልቲሜትር ከማውጣት በፊት ጆሮ ይቀድማል፦ ጆይስቲኩ ሲነካ ፍሬኑ «ቀጭ» ይላል ወይስ አይልም? ባትሪውስ ጭነት ሲያገኝ ቮልቱ ይወድቃል?

በናፍጣ የሚሠሩ ቡም ሊፍቶች ላይ ሁለተኛ ምስክር አለ። እዚያ ሴንሰሩ የተተከለው በቮላኖው ጥርሶች ፊት ነው፤ የሚቆጥረውም ሞተሩ በደቂቃ ስንት እንደሚዞር ነው። ጆን ግሮቭ እ.ኤ.አ. በ1969 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ የመሠረተው የጄኤልጂ ኩባንያ አንዳንድ ማሽኖች ላይ ሴንሰሩ ዜሮ እያለ የዘይት ግፊት ማብሪያው ግን ለ3 ሴኮንድ ግፊት መኖሩን ካሳየ ኮምፒውተሩ የሚጠረጥረው ሴንሰሩን ነው። ሞተር ሳይዞር የዘይት ግፊት የለማ። ከ4000 ዙር በላይ የሚል ንባብ ሲመጣም አይቀበለውም፤ እንዲህ ያለ የናፍጣ ሞተር እዚያ አይደርስም።

የቮላኖው ሴንሰር ማግኔትና ጥቅልል ሽቦ ብቻ ሲሆን፣ ጥርስ ባለፈ ቁጥር ትንሽ ኤሲ ቮልት ራሱ ያመነጫል። ሞተሩ በሞተሪኖ ሲዞር 1 ቮልት አካባቢ ካልሰጠ መጀመሪያ የሚታየው ከጥርሱ ያለው ርቀት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ከሴንሰሩ ፊት ጥርስ መኖሩ ታይቶ፣ እስኪነካ ድረስ በእጅ ይጠብቃል፤ ከዚያ ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ዙር ተመልሶ በዳዶው ይቆለፋል። በሁለት ጥርሶች መካከል ገብቶ የተጠበቀ ሴንሰር የመጀመሪያዋ ስታርት ላይ አፉ ይሸረፋል።

የኩሽኔታው ሴንሰር ከዚህ ይለያል። እንደ ማሽኑ 5 ወይም 12 ቮልት ይቀበላል፤ ብዙዎቹ ደግሞ ራሳቸው ቮልት አይልኩም፣ ከኮንትሮለሩ በምልክቱ ሽቦ የመጣውን ቮልት ወደ ማሳ እየሳቡ ይለቃሉ እንጂ። ሶኬቱን ነቅሎ ሴንሰሩን ለብቻው የለካ መካኒክ ምንም ስለማያገኝ ጤነኛውን «ሞቷል» ይለዋል። መለካት ያለበት ሶኬቱ እንደተሰካ፣ ቀጭን መርፌ ከኋላው ሾልኮ ገብቶ ነው። ሽቦውን መሃል ላይ መብሳት የሚወድ አለ፤ በዚያች ቀዳዳ እርጥበት ይገባና መዳቡ ውሎ አድሮ አረንጓዴ ዱቄት ይሆናል።

ለዚህ ልኬት መድረኩ ወርዶ፣ ሌሎቹ ጎማዎች ታኮ ገብቶላቸው፣ አንዱ ጎማ በክሪክ ይነሳል። ፍሬኑ በእጅ ይለቀቅና ጎማው በጣም በዝግታ ይዞራል፤ ከጎማው በስተጀርባ ማርሽ ስላለ ትንሽ ሲነቃነቅ እንኳ ሞተሩ ብዙ ይዞራል። ኤ ላይ ቮልቱ ወጣ ወረድ ሲል ቢ ድርቅ ካለ ነገሩ እየጠራ ነው። ያኔም ቢሆን ሽቦው ይታጠፍ፣ ይነቅነቅ፤ በተለይ ሞተሩ መሪ በሚዞርበት ጎማ ላይ ከሆነ፣ መሪው በዞረ ቁጥር ሽቦው ይተጣጠፋልና ላስቲኩ ደህና እየመሰለ ውስጡ ይበጠሳል።

ግራና ቀኝ ተመሳሳይ ሞተር ባለው ማሽን ላይ ሞተሮቹን ከነሴንሰራቸው ማቀያየር ክርክሩን ይዘጋል። ኮዱ ወደ ሌላው ጎን ከሄደ ጥፋቱ ከሞተሩ ጋር ነው፤ ባለበት ከቀረ ሽቦው ወይም ኮንትሮለሩ ይፈተሻል። ሴንሰሩ ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘ ሞተሩ ተከፍቶ ኩሽኔታው በፕሬስ ይወጣል። አዲሱ ሲገዛ ታዲያ መልኩና ልኩ ብቻ አይበቃም፤ የምቱ ቁጥርም መመሳሰል አለበት። 64 በነበረበት ቦታ 48 የሚመታ ከገባ ኮንትሮለሩ የዘንጉን ፍጥነት በሩብ አሳንሶ ያነበዋል፤ ስሌቱ ይፋለስና ማሽኑ በአዲሱ ዕቃም ይንገጫገጫል።