የብቃት ነጥብና የመደቦች ሚዛን፦ ብርቅነት ዋጋ ሊሆን ይችላልን?

እ.ኤ.አ. በ1974 በጋሪ ጋይጋክስና በዴቭ አርንሰን ደራሲነት የታተመው «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» በጠረጴዛ ዙሪያ ሚና እየተላበሱ ለሚጫወቱት የጨዋታ ዓይነት መነሻ ነው። ተጫዋቹ የሚፈጥረው ገጸ ባሕርይ እንደ ተዋጊ፣ አስማተኛ ወይም ካህን ያለ መደብ ይኖረዋል፤ በስድስት ብቃቶችም፣ ማለትም በጉልበት፣ በማሰብ ችሎታ፣ በጥበብ፣ በአካል ጽናት፣ በቅልጥፍናና በግርማ ሞገስ፣ ነጥብ ይሰጠዋል። የመደቦች ሚዛን ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘነው የየመደቡ ኃይል ነው። ሆኖም ሚዛኑ ነጥቡ በተገኘበት መንገድም ሊጸና ወይም ሊፈርስ ይችላል።

በመጀመሪያው ደንብ ለእያንዳንዱ ብቃት ሦስት ባለ ስድስት ገጽ ዳይሶች ተጥለው ይደመራሉ። ሊከሰቱ ከሚችሉት 216 ውጤቶች 18 የሚያስገኘው አንዱ ብቻ ነው። በ1978 የወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍ ፓላዲን ለተባለው ቅዱስ ተዋጊ ቢያንስ ጉልበት 12፣ የማሰብ ችሎታ 9፣ ጥበብ 13፣ የአካል ጽናት 9፣ ግርማ ሞገስ ደግሞ 17 ይጠይቃል። ሦስቱ ዳይሶች በብቃቶቹ ቅደም ተከተል ቢጣሉ የግርማ ሞገሱን መስፈርት ብቻ የማሟላት ዕድል ከ54 አንድ ነው፤ አምስቱን በአንድነት የማሟላት ዕድል ግን ከ1000 አንድ ገደማ ይሆናል። አራት ዳይስ ጥሎ ትንሹን መተው ዕድሉን ያሻሽላል፤ አመክንዮውን ግን አይለውጠውም።

አመክንዮው ኃይለኛ መደብ ብርቅ ይሁን የሚል ነው። ይህ በሺህ ገጸ ባሕርያት ስብስብ ላይ ሚዛን ይፈጥራል፤ አምስት ሰዎች በተቀመጡበት ጠረጴዛ ግን አይፈጥርም። ዕድለኛው ዋጋውን በአንድ ውርወራ ከፍሎ ጥቅሙን ለወራት ያገኛል፤ አጠገቡ ያለው ተራ ተዋጊ የዚያን ብርቅነት ማካካሻ ከየትም አያገኝም። ደንቡ ሌላም ዋጋ ጭኖ ነበር፦ ፓላዲኑ ከገቢው አሥራት እንዲያወጣና አውቆ ክፉ ቢሠራ ማዕረጉን እንዲያጣ። (አሥራት የጨዋታ ሚዛን መጠበቂያ መሆኑ ያስደንቃል።) ነገር ግን ይህ ዋጋ በጨዋታው መሪ ጥብቅነት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ነጥብን በበጀት መግዛት ዕድልን ያስወግዳል። በ2014ቱ ህትመት ተጫዋቹ 27 ነጥብ ይይዛል፤ ከ8 እስከ 13 እያንዳንዱ ደረጃ አንድ ነጥብ፣ 14ና 15 ግን ሁለት ሁለት ነጥብ ያስወጣሉ። ይሁንና እኩል በጀት እኩል አቅም አይደለም። በ2000ው ሦስተኛ ህትመት አስማተኛ በዋናነት የሚሻው የማሰብ ችሎታን ነው። ፓላዲን ግን ለመምታት ጉልበት፣ ለመትረፍ የአካል ጽናት፣ በእጁ ዳስሶ ለመፈወስ ግርማ ሞገስ፣ ድግምት ለመጠቀም ጥበብ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ተመሳሳዩን በጀት ለአራት ይከፍላል። የ2014ቱ ህትመት የፓላዲንን ድግምት ከጥበብ ወደ ግርማ ሞገስ ማዛወሩ ጥቃቅን ለውጥ ይመስላል። በእኔ ግምት ግን መደቡ ላይ አዲስ ኃይል ሳይጨመር ሸክሙን ማቅለል እንደሚቻል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም።

ያም ሆኖ በዚሁ መጽሐፍ ዳይስ መጣል ቀዳሚው መንገድ፣ የነጥብ ግዢ ደግሞ አማራጭ ነው። አራት ዳይስ ጥሎ ትንሹን መተው በአማካይ 12.24 ያስገኛል፤ ዳይስ መጣል ለማይሹ የተዘጋጁት ቋሚ ነጥቦች፣ 15፣ 14፣ 13፣ 12፣ 10ና 8፣ አማካያቸው 12 ነው። በአማካዮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከሩብ ነጥብ ያነሰ ነው። በአንድ ጠረጴዛ በተቀመጡ ሁለት ሰዎች መካከል ዳይሱ የሚፈጥረው ልዩነት ግን በአማካይ አይታይም።