በሰርቨር ፕሮግራም ላይ ጉድለት ሲገኝ

ሰርቨር ማለት በአንድ መሥሪያ ቤት ወይም ትምህርት ቤት ያሉ ኮምፒዩተሮች በጋራ የሚጠቀሙባቸውን ፋይሎችና አገልግሎቶች የሚያቀርብ ኮምፒዩተር ነው። ተግባሩ ከሌሎች የሚመጣለትን ጥያቄ እየተቀበለ መልስ መስጠት በመሆኑ በሩ ምን ጊዜም ክፍት ነው። ጥያቄውን የሚቀበለው ፕሮግራም ጉድለት ካለበት፣ በሩቅ ያለ ሰው የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ የራሱን ትእዛዝ በሰርቨሩ ላይ ሊያስፈጽም ይችላል። ከፕሮግራም ጉድለቶች ሁሉ እጅግ አስጊ ከሚባሉት አንዱ ይኸው ነው።

ነገሩን በክፍል መዝገብ መስሎ ማስረዳት ይቻላል። በመዝገቡ ላይ ለተማሪ ስም የተተወ ጠባብ ዓምድ፣ ከጎኑም የርእሰ መምህሩ ትእዛዝ የሚጻፍበት ሌላ ዓምድ አለ እንበል። ጸሐፊው የስሙን ርዝመት ሳይለካ ቢጽፍ ጽሑፉ ከዓምዱ አልፎ ወደ ትእዛዙ ቦታ ይገባል፤ መዝገቡን የሚያነበውም ተላላኪ ያንን ትርፍ ጽሑፍ የርእሰ መምህሩ ቃል አድርጎ ይፈጽመዋል። ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ በዊንዶውስ ውስጥ ባኖረው የፋይል ማጋሪያ ፕሮግራም ላይ የተገኘው ጉድለት ከዚህ እምብዛም አይለይም። ፕሮግራሙ የሚላክለትን ዝርዝር መጠን ሲያሰላ ስለሚሳሳት፣ የሚያዘጋጀው ቦታ ከመጣለት ጽሑፍ ያነሰ ይሆናል፤ ላኪው ሆን ብሎ ካዘጋጀውም ትርፉ ትእዛዝ ይሆናል።

ኩባንያው ማሻሻያውን መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. አወጣ። ከአንድ ወር በኋላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ በጉድለቱ መጠቀሚያ የሆነው መሣሪያ በአደባባይ ተለቀቀ። ግንቦት 4 ቀን ደግሞ ዋናክራይ የተባለው ራሱን በራሱ የሚያባዛ ፕሮግራም በዚሁ መሣሪያ እየታገዘ ተሠራጨ፤ ፋይሎችን እየቆለፈ ለመክፈቻው 300 ዶላር ጠየቀ፤ በጥቂት ቀናትም ውስጥ ከ150 በላይ በሚሆኑ አገሮች ከ200,000 የሚበልጡ ኮምፒዩተሮችን ለከፈ። ማሻሻያው ከወጣ 59 ቀን ሆኖት ነበር።

ከደረሰው ጉዳት በሰፊው የተመረመረው የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሁኔታ ነው። የአገሪቱ ብሔራዊ ኦዲት መሥሪያ ቤት በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ ከ236ቱ የሆስፒታል አስተዳደሮች ሢሶ ያህሉ ሥራቸው እንደ ተስተጓጎለና በሺህ የሚቆጠሩ የሕሙማን ቀጠሮዎች እንደ ተሰረዙ ገልጿል። ብዙ ሰው ጥፋቱን ባረጀው ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ መጫን ይወዳል። ሆኖም ከተለከፉት ኮምፒዩተሮች አብዛኞቹ ማሻሻያው ተዘጋጅቶላቸው ያልተጫነባቸው የዊንዶውስ 7 ኮምፒዩተሮች ነበሩ። ማስጠንቀቂያም በመጋቢትና በሚያዝያ ተልኮ ነበር፤ ወረቀቱ ደረሰ፣ ሥራው ግን አልተሠራም።

ለፕላን አውጪዎች ከዚህ የበለጠ ሊያሳስብ የሚገባው ሌላው ግኝት ነው። ሥራቸው ከተስተጓጎለባቸው አስተዳደሮች ከግማሽ የሚበልጡት በፕሮግራሙ አልተለከፉም ነበር፤ ከጥንቃቄ የተነሣ መስመራቸውን በመቁረጣቸው ወይም ከሌሎች ጋር መገናኘት ባለመቻላቸው ሥራቸው ተሰናከለ። የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ሲዘጋ ሠራተኞች በግል ስልካቸውና በወረቀት መጠቀም ጀመሩ። አደጋውን ለማን ማመልከት እንደሚገባም በግልጽ አይታወቅም ነበር፤ አንዳንዱ ለፖሊስ አመለከተ። የአደጋ ጊዜ ዕቅድ በሚኒስቴሩ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ነገር ግን በየአካባቢው ተሞክሮ አያውቅም።

እንዲህ ያለ ጉድለት ሲታወቅ ማሻሻያውን መጫን ቀዳሚው ሥራ መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ የትኛው ኮምፒዩተር የት እንዳለና በምን ፕሮግራም እንደሚሠራ የሚያሳይ መዝገብ ከሌለ፣ የትኛው እንደ ቀረ ለማወቅ አይቻልም። አንድ የቴክኒክ ሠራተኛ በአንድ ቅጂ 40 ኮምፒዩተሮችን በሚያዘጋጅበት የትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ችግሩ ይበልጥ ይከብዳል፤ በቅጂው ውስጥ ያለው ጉድለት በአርባውም ላይ ይገኛልና። ማሻሻያ ሊጫንበት የማይችል ካለ፣ በ2009 ዓ.ም. እንደ ታየው፣ አሮጌውን የፋይል ማጋሪያ ማጥፋትና 445 ተብሎ የሚጠራውን የኔትወርክ በር ከውጭ መዝጋት፣ መሣሪያውንም ከሌሎቹ መለየት ይገባል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ማሻሻያው በሩን እንደሚዘጋ እንጂ አስቀድሞ የገባውን እንደማያስወጣ ነው። ስለዚህ ሰርቨሩ ተደፍሮ እንደ ሆነ መመርመር፣ የተደፈረም ከሆነ ሙሉ በሙሉ ደምስሶ ከመጠባበቂያ ቅጂ እንደ አዲስ ማቋቋም ያስፈልጋል። ቅጂው ዘወትር ከዚያው ሰርቨር ጋር የተያያዘ ከሆነ አብሮ ሊቆለፍ ስለሚችል፣ ተነቅሎ ለብቻው መቀመጥ አለበት። የተማሪዎች ውጤት በሰርቨር ላይ ብቻ በሚገኝበት ትምህርት ቤት፣ በፈተና ሰሞን ሰርቨሩ ቢዘጋ ውጤቱ በምን እንደሚመዘገብና ቁልፉን ማን እንደሚይዝ፣ ዓመቱ ሲጀመር በመምህራን ስብሰባ ላይ ተወስኖ አንድ ቀን ሊሞከር ይችላል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው የግማሽ ቀን ጊዜና አንድ የወረቀት መዝገብ ነው።