ጠሞ ካልታሰረ ቀጥ ብሎ የማይሄደው ሳይድካር

ባለ ሦስት እግር ሲባል ለአብዛኞቻችን ቀድሞ የሚመጣልን ባጃጅ ነው። ባጃጅ ፊት አንድ፣ ኋላ ሁለት ጎማ አለው፤ ቀኝና ግራው እኩል ነው፤ መሪውን ቀጥ አድርገው ከያዙት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሳይድካር የተገጠመለት ሞተር ሳይክልም ሦስት ጎማ አለው፤ ዝምድናቸው ግን እዚያው ላይ ያበቃል። እዚህ የሚገፋው ጎማ ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከመሃል ሳይሆን ከአንድ ጎን ነው የሚገፋው። ሦስተኛው ጎማ ሰው ወይም ዕቃ ተሸክሞ በጎን ይጎተታል። ስለዚህ ነጂው ነዳጅ በሰጠ ቁጥር ሞተሩ ሳይድካሩን ሊዞረው ይፈልጋል፤ ፍሬን በያዘ ቁጥር ደግሞ ሳይድካሩ ሞተሩን ቀድሞ ሊያልፍ ይታገላል። እንዲህ ያለ ጸባይ ያለውን ነገር አስማምቶ ቀጥ ባለ መስመር ማስኬድ ትልቅ ሙያ ነው። ሳይድካርን እንደ ድሮ ፊልም ጌጥ ብቻ የሚያዩ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ የሚቆጨኝ ይህ ሙያ ስለማይታያቸው ነው።

አካሉ ቀላል ነው፦ ከቧንቧ የተሠራ ሻንሲ፣ በላዩ የላሜራ ቀፎ፣ አንድ ጎማ፣ ከሞተሩ ጋር የሚያስሩት ብዙውን ጊዜ አራት መያዣዎች። በቀኝ በሚነዳበት አገር ሳይድካሩ በቀኝ፣ በግራ በሚነዳበት በግራ ይታሰራል፤ ተሳፋሪው ወደ እግረኛ መንገዱ እንዲወርድ። ከእንግሊዝ አሮጌ ሳይድካር በርካሽ አግኝተው በቀኝ ለሚነዳ አገር የሚገዙ ሰዎች ይህን ይረሱታል። በሩም፣ ጎማውም፣ መያዣዎቹም ሁሉ በተቃራኒው ጎን የተሠሩ ናቸውና ገልብጦ ማሰር አይቻልም። ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ የዞረችው በ1956 ዓ.ም. ስለሆነ ዛሬ አገር ቤት ሳይድካር ማሰር የሚያምረው ሰው የሚፈልገው የቀኙን ነው።

እኔ የምኖረው ጀርመን ነው፤ ልቤን የወሰደውም የኑርንበርጉ ሽታይብ ነው። ኑርንበርግ በዘመኗ የሞተር ሳይክል ከተማ ነበረች፤ ጹንዳፕ፣ ቪክቶሪያ፣ ሄርኩለስ፣ አርዲ ሁሉም የዚያች ከተማ ፋብሪካዎች ናቸው። ዮሴፍ ሽታይብ በመካከላቸው ሆኖ ሳይድካር ይሠራላቸው ነበር። ለትንንሽ ሞተሮች ኤልኤስ 200፣ ለትልልቆቹ ኤስ 500፣ ቢኤምደብሊው ደግሞ በራሱ ስም ይሸጠው የነበረው ቲአር 500 ከእጁ የወጡ ናቸው። የኤስ 500 አፍንጫ ዘፔሊን የተባለውን የአየር መርከብ ይመስላል፤ ከዚያ የበለጠ ያማረ ላሜራ መንገድ ላይ አላየሁም። ዘመኑን የዘጉት ቮልስንና ኢዜታን የመሳሰሉ ትንንሽ መኪኖች ናቸው። አባወራው ሚስቱንና ልጁን ከዝናብ የሚያስጠልልበት ጣሪያ በሚችለው ዋጋ ሲያገኝ ሳይድካሩን ተወው፤ ሽታይብም በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ላይ ሥራውን አቆመ። ከዚህ ሙያ ተነስቶ ወደ መኪና የተሻገረም አለ፦ ዛሬ ጃጓር የምንለው ኩባንያ ዊሊያም ላየንስና ዊሊያም ዎልምስሊ እ.ኤ.አ. በ1922 እንግሊዝ ብላክፑል ውስጥ ሳይድካር ለመሥራት ያቋቋሙት ድርጅት ነበር።

አሮጌ ሳይድካር ስትገዙ ዓይናችሁ ቀፎው ላይ እንዲቀር አትፍቀዱለት። ቀፎ ይጠገናል። ውሃ የሚተኛበት የአፍንጫው ሆድና ከመቀመጫው ሥር ያለው ወለል ዝጎ ቢበሳም፣ የበሰበሰውን ቆርጦ አዲስ ላሜራ በይዶ ማስገባት ማንኛውም ጥሩ ባቲላሜራ የሚያውቀው ሥራ ነው። የሚያናድደኝ ዝገቱን ሳይቆርጡ በስቱኮ ሞልተው፣ ጥቁር ቀለም ቀብተው፣ ነጯን ቀጭን መስመር አስምረው የሚሸጡት ናቸው። ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፤ ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ሁሉ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው።

ዋናው ሻንሲው ነው። ቧንቧው መጣመም አለመጣመሙን በጠፍጣፋ ወለል ላይ አስቀምጦ በሪጋ መለካት፣ መያዣዎቹ የተበየዱባቸውን ቦታዎች ቀለሙን አንስቶ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ መፈለግ ግድ ነው። የታችኞቹ ሁለት መያዣዎች እንደ ኳስ ክብ የሆነ የብረት ራስ ላይ ቆንጥጠው ይይዛሉ። ያ ራስ በዘመን ብዛት ተበልቶ እንቁላል ቅርጽ ካወጣ የቱንም ያህል ቢያጠብቁት ይንቀሳቀሳል፤ መለወጥ እንጂ በብየዳ ማሳበጥ መፍትሔ አይደለም። ብሎኑም ከሱቅ የተገኘው ሁሉ አይሆንም። ራሱ ላይ ቢያንስ 8.8 የሚል ቁጥር የሌለው ብሎን እዚህ ቦታ አይግባ። ሰው የሚቀመጥበትን ነገር ከሞተሩ ጋር የሚያስተሳስረው እሱ ነውና።

እዚህ ድረስ ያለው ትዕግሥትና ገንዘብ ነው። ሳይድካርን ሳይድካር የሚያደርገው ግን አሰላለፉ፣ መካኒኮች አላይመንት የሚሉት ነው፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። ስሕተቱ አንድ ነው፦ ሁሉም ነገር ቀጥ ብሎ መታሰር አለበት ብሎ ማመን። አንድ ወጣት ያገሬ ልጅ ገና አስተካክዬ የጨረስኩትን ሞተር ከኋላ ቆሞ አየና፣ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ጠሟል እኮ!» አለኝ። ዓይኑ ትክክል ነበር። ጠሟል፤ ሆን ተብሎ፣ በሁለት አቅጣጫ ጠሟል።

የመጀመሪያው ጥመት መሬት ላይ የሚለካው ነው። የሳይድካሩ ጎማ ከሞተሩ ጎማዎች ጋር ትይዩ አይሆንም፤ ፊቱ በጥቂቱ ወደ ሞተሩ ይጠቁማል። ሳይድካሩ በቀኝ ሲጎተት ሁሉን ወደ ቀኝ ስለሚስብ፣ ጎማው ወደ ግራ እየጠቆመ ያንን ስበት ይመልሳል። አለካኩ እንዲህ ነው፤ ጎማዎቹ ተነፍተው፣ ወለሉ ጠፍጣፋ ሆኖ፣ አንድ ረጅም ቀጥ ያለ ጣውላ የሞተሩን ሁለት ጎማዎች በሳይድካሩ በኩል ተደግፎ ይቀመጣል፤ ሌላው የሳይድካሩን ጎማ በውጭ በኩል ተደግፎ ይቀመጣል። የሞተሩ የኋላ ጎማ ከፊተኛው ሰፋ ካለ ጣውላው የኋላውን ብቻ ነክቶ ከፊተኛው ትንሽ ይርቃል፤ ያ ርቀት ከፊተኛው ጎማ ግራና ቀኝ እኩል መሆኑን ሳያረጋግጡ መለካት ልፋት ብቻ ነው። ከዚያ በሁለቱ ጣውላዎች መካከል ያለው ስፋት ከፊተኛው ጎማ ፊት ለፊትና ከኋለኛው ጎማ በስተጀርባ ይለካል። የፊቱ ከኋላው ከ1.5 እስከ 2.5 ሳንቲ ሜትር ቢያንስ አብዛኛው ሞተር ይስማማዋል። ይበልጥ ቢጠቁም መንገዱ የጎማውን ላስቲክ እንደ ሞረድ ይበላዋል፤ ስለዚህ በትንሹ መጀመር ነው።

ሁለተኛው ጥመት ቁመት ላይ ነው። ሞተሩ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ራሱ ከሳይድካሩ ይርቃል፣ ከ1 እስከ 2 ዲግሪ። በቀኝ እጁ ሙሉ ጀሪካን ውሃ ያንጠለጠለ ሰው ወደ ግራ ዘንበል እንደሚል ማለት ነው። ያዘነበለ ሞተር ወዳዘነበለበት መሄድ ስለሚወድ፣ ወደ ግራ ያለው ዝንባሌ የሳይድካሩን የቀኝ ስበት ያጣፋል። ሌላም የሚያጣፋው አለ። አስፋልት ውሃ እንዲወርድለት መሃሉ ከፍ፣ ዳሩ ዝቅ ብሎ ነው የሚሠራው፤ በቀኝ የሚሄድ ተሽከርካሪ ሁሉ ወደ ቀኝ ዳር ይንሸራተታል፤ ዝንባሌው ይህንንም ይሸከማል። ይህን የሚለካው የግንበኛ ቱንቢ ነው፤ ከመቀመጫው ጀርባ ክሩን ማንጠልጠልና ከኋላው ጎማ መሃል መስመር ጋር ማስተያየት። ሲለካ ነጂው ይቀመጥ፣ ሳይድካሩም ላይ ሁልጊዜ የሚጫነው ክብደት ይጫን። ባዶ ሞተር ለክቶ ሰው አስቀምጦ መንዳት ለሌላ ሞተር መለካት ነው።

ሦስተኛ ልኬት አለ፤ የሳይድካሩ ጎማ አክስል ከሞተሩ የኋላ አክስል ትንሽ ወደ ፊት ይቀድማል፤ ብዙዎች ከ15 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ይሰጡታል። ሁለቱ አክስሎች በአንድ መስመር ላይ ከዋሉ፣ ሳይድካሩ በቀኝ የሆነ ሞተር በፍጥነት ወደ ግራ ሲታጠፍ ሁሉም ክብደት ወደ ቀኝ ፊት ይወድቃል፤ የሳይድካሩ አፍንጫ ወደ መሬት ይጠልቃል፣ የሞተሩ የኋላ ጎማ ይነሳል። ቀደም ያለ ጎማ ይህን ይደግፋል። በጣም ከቀደመ ግን በየመታጠፊያው ወደ ጎን እየተፋቀ መሪውን ያከብደዋል።

አስቸጋሪው ነገር ሦስቱ እርስ በርሳቸው መተሳሰራቸው ነው። የላይኞቹን ሁለት መያዣዎች ዘንጎች ዳዶ አዙራችሁ ዝንባሌውን ስትጨምሩ ጣውላው ላይ ያለው ልኬትም ይነካል፤ ስለዚህ አንዱን በነካችሁ ቁጥር ሌላውን እንደገና መለካት ነው። የነፋስ ግፊት ከፍጥነት ጋር ስለሚያድግ ደግሞ በሁሉም ፍጥነት ሚዛኑ የሚጠበቅ ሳይድካር የለም። ለየትኛው ፍጥነትና ለየትኛው ጭነት ማስተካከል እንደምትፈልጉ እናንተ ናችሁ የምትወስኑት። በ80 ኪሎ ሜትር እጁን ላላ አድርጎ የሚሄድ በ50 ጥቂት ወደ ግራ ቢስብ፣ በ100 ጥቂት ወደ ቀኝ ቢስብ ጉድለት የለበትም። ነዳጅ ሲሰጥ ወደ ሳይድካሩ፣ ፍሬን ሲያዝ ከሳይድካሩ መራቁም እንዲሁ ተፈጥሮው ነው። «ሻንሲው ተበላሽቷል» እያሉ እንዲህ ያለውን ደህና ሳይድካር ወደ ብየዳ ቤት የሚያመላልሱ ሰዎችን ብለምናቸው አልሰማ ብለውኛል።

መሪው ራሱ ከከበደ ግን ነገሩ የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ላይ ነው። ለብቻው የሚነዳ ሞተር የፊት ጎማው መሬት የሚነካበት ቦታ ከመሪው ዘንግ መስመር ጥቂት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ የሚያደርገው ይህ ርቀት ነው። ሳይድካር ሲታሰር ግን ሞተሩ ተጋድሞ መታጠፉ ይቀርና መሪው በክንድ ኃይል መዞር አለበት፤ ያኔ ያ ርቀት ሸክም ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1969 የተሠሩትን ባለ ኤርልስ ሹካ ቢኤምደብሊው ሞተሮች የምወዳቸው ለዚህ ነው፤ የሹካው ክንድ የሚታሰርበት ሁለት ቦታ አላቸው፣ አንዱ ለብቻ ሞተር፣ ሌላው ለሳይድካር። መሐንዲሶቹ ገና ሞተሩን ሲነድፉ ጀምረው ሳይድካሩን አስበውበታል። ርቀቱ ሲያጥር በዝግታ ሲሄዱ መሪው የመንቀጥቀጥ አመል ያመጣል፤ ያንን የመሪው ማጥበቂያ ይይዘዋል። ከእነሱ በኋላ የመጡት የተከታዩ ትውልድ ቢኤምደብሊው ሻንሲዎች ለሳይድካር አልታሰቡም፤ ማሰር የሚፈልግ ሰው ተጨማሪ ማጠናከሪያ ሻንሲ ያስፈልገዋል።

ታስሮ ካለቀ በኋላ በባዶ ሰፊ ሜዳ ላይ መማር ነው። ሞተር ሳይክል የለመደ ሰው እዚህ ጀማሪ ነው፤ መጋደም የለም፣ መሪው ወደሚሄዱበት ይዞራል። ወደ ቀኝ ሲታጠፉ ባዶ ሳይድካር ይነሳል። ያኔ የለመደው እጅ የሚያደርገው ሁሉ ተሳስቶ ነው የሚገኘው፤ መድኃኒቱ መሪውን ወደ ግራ ጥቂት ማላላትና ጎማው እስኪያርፍ መጠበቅ ነው። የጀመረ ሰው የአሸዋ ከረጢት ከሳይድካሩ ወለል ላይ ይጫን። ባዶውን ይዘው አደባባይ ላይ ጎማውን አንስተው የሚዞሩ ወጣቶች አያለሁ፤ ጨዋታ አይደለም፤ ያ ጎማ ሲወርድ ሙሉ ምቱን የሚቀበለው ያ የተበላው ኳስ መሰል ራስና ያ ርካሽ ብሎን ነው።

ተሳፋሪውም ዕቃ አይደለም። የሳይድካር የዓለም ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1949 ሲጀመር ኤሪክ ኦሊቨር በኖርተን ሲያሸንፍ፣ ጎኑ የነበረው ዴኒስ ጄንኪንሰን በየመታጠፊያው አካሉን እየዘረጋ ሚዛኑን ይጠብቅ ነበር። ይኸው ጄንኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1955 ሚሌ ሚሊያ በተባለው የጣሊያን ውድድር ከስተርሊንግ ሞስ ጎን ተቀምጦ መንገዱን እየጠቆመ አብሮት አሸንፏል። ቤተሰባችሁን ስትጭኑ እንዲህ ተንጠልጠሉ አትሉም፤ ነገር ግን ሄልሜት ይልበሱ፣ ወደ ቀኝ ስትታጠፉ ወደ ቀኝ ዘንበል እንዲሉ ንገሯቸው፤ ውሻም ከሆነ በማሰሪያ ይያዝ።

ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጉዞዎች በኋላ አራቱም መያዣዎች እንደገና ይጥበቁ፤ አዲስ ቀለም ከሥራቸው ተጨፍልቆ መላላት ያመጣል። ጀርመን ውስጥ ሳይድካሩ በሞተሩ ሰነድ ላይ መመዝገብ ስላለበት መርማሪው ፊት መቅረቡ አይቀርም። ያኔ የጣውላውንና የቱንቢውን ልኬት፣ ማን ተቀምጦ እንደተለካ፣ ጎማዎቹ ስንት እንደተነፉ የጻፋችሁበትን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ጎማ ስትለውጡም ከዚያው ወረቀት ትጀምራላችሁ።